ጓሮ የሌለው ቤትና የአእምሮ ጤና፦ ተፈጥሮን በቤት ውስጥ የማቅረብ መመሪያ

በቤት ውስጥ ከተፈጥሮ ጋር መገናኘት ማለት ለቀን ብርሃን፣ ለተክል፣ ለአፈር፣ ለወፍና ለሰማይ በዕለታዊ ኑሮ ቦታ መስጠትና በትኩረት መመልከት ነው። ግቢ ያለው ሰው ይህን ሳያስበው ያገኘዋል፤ ጠዋት በሩን ሲከፍት አፈር ይረግጣል፣ ጎመኑና ጌሾው ከዓይኑ ሥር ናቸው። በአዲስ አበባ ግን ብዙ ሺህ ቤተሰብ ከቀበሌ ቤትና ከሰፊ ግቢ ተነሥቶ ወደ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። አዲሱ ቤት ውኃና መጸዳጃ በውስጡ ያለው፣ የማያፈስ ቤት ነው፤ ያጣው ነገር ቢኖር ጓሮውን ነው። ይህን ጉድለት ሙሉ በሙሉ መሙላት ባይቻልም በአንዲት ጠባብ በረንዳ ወይም በአንድ መስኮት ብዙ ሊካካስ ይችላል።

ተፈጥሮን ማየት በሰውነትና በአእምሮ ላይ የሚያመጣው ለውጥ በጥናት ተፈትሿል። ሮጀር ኡልሪክ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 በሳይንስ መጽሔት ያወጣው ጥናት በአንድ የፔንሲልቬንያ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን ያነጻጸረ ነበር። ግማሾቹ የተኙበት ክፍል መስኮት ዛፎችን ያሳያል፤ የቀሩት መስኮት የጡብ ግድግዳ ብቻ ያሳያል። ዛፍ ያዩት ቶሎ ከሆስፒታል ወጥተዋል፣ የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ነበር። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎቹ ረቸል ካፕላንና ስቲቨን ካፕላን ደግሞ የጉዳዩን ምክንያት በትኩረት በኩል አስረድተዋል። በሥራ፣ በሒሳብ፣ በትራፊክና በስልክ ላይ የሚውለው ትኩረት በጥረት የሚያዝ በመሆኑ ይደክማል፤ ሲደክም ሰው ይነጫነጫል፣ ይረሳል፣ ትንሹ ነገር ይከብደዋል። የቅጠል መወዛወዝ፣ የደመና መሄድ፣ የወፍ መመላለስ ግን ያለ ጥረት ዓይንን ስለሚስቡ የደከመው ትኩረት በዚያ መካከል ያርፋል። በሜልቦርን እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገ ሙከራ ተማሪዎች አሰልቺ ሥራቸውን አቋርጠው በአበባ የተሸፈነ ጣሪያ ምስል ለ40 ሴኮንድ ብቻ ሲያዩ፣ ባዶ የኮንክሪት ጣሪያ ካዩት ይልቅ ስሕተታቸው ቀንሷል። እንግዲህ የሚያስፈልገው ሰፊ መናፈሻ ሳይሆን አጭርና የማይቋረጥ ግንኙነት ነው፤ ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

መስኮቱን ማስተካከል

ሥራው የሚጀመረው ተክል በመግዛት ሳይሆን መስኮት በመክፈት ነው። የብዙ ቤት ሳሎን ቀኑን ሙሉ በወፍራም መጋረጃ ይሸፈናል፤ ሶፋው በሙሉ ወደ ቴሌቪዥን ይዞራል። በአምፖል የሚበራ ክፍል ብርሃን ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 300 ሉክስ ነው። ደጅ ግን ሰማዩ በደመና ተሸፍኖም ብዙ ሺህ ሉክስ ይገኛል፣ በጠራራ ፀሐይ እስከ 100,000 ይደርሳል። ዓይን ለዚህ ልዩነት ቶሎ ስለሚለምድ ሰው ጨለማ ውስጥ መዋሉ አይታወቀውም። እንቅልፍንና ንቃትን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ግን ጊዜውን የሚያስተካክለው በዓይን በኩል በሚገባው የጠዋት ብርሃን ነው። የጠዋት ብርሃን ያጣ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ይዘገይበታል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ለጭንቀት ይጋለጣል።

ስለዚህ ወፍራሙ መጋረጃ ለሌሊት ይቀመጥና ቀን ከጎረቤት ዓይን የሚከልል ስስ ነጭ መጋረጃ ብቻ ይቀራል። መስታወቱ ከውስጥም ከውጭም ይታጠባል፤ በመንገድ ዳር ሕንፃ ላይ የሚቀመጠው አቧራ ብዙ ብርሃን ያስቀራል። ከዚያ አንድ ወንበር ወይም ዱካ ወደ መስኮቱ ዞሮ ይቀመጣል፤ ብርሃን ከመስኮቱ አንድ ሁለት እርምጃ በተራቀ ቁጥር በፍጥነት ስለሚቀንስ ወንበሩ መስኮቱ ሥር ቢሆን ይሻላል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ቁርስ ወይም ሻይ እዚያ ይወሰዳል፤ በረንዳ ካለ በረንዳው ይመረጣል።

የቤቱን አቅጣጫ ማወቅም ያስፈልጋል፤ ይህ ለሰውም ለተክልም ይጠቅማል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። በዚህ ምክንያት የእኩለ ቀን ፀሐይ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ በቀሩት ወራት ወደ ሰሜን። ደቡብ የሚያይ መስኮት በጋውን በሙሉ ፀሐይ ያገኛል፤ ሰሜን የሚያየው ተራው የሚደርሰው በአብዛኛው በክረምት ስለሆነ ደመናው ይቀማዋል። ምሥራቅ የሚያይ መስኮት የጠዋት ፀሐይ ስለሚያስገባ ለመቀመጫ ከሁሉ ይበልጣል። ምዕራብ ለተክል ጥሩ ቢሆንም በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ያቃጥላል።

አንድ ተክል፣ በደንብ

ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው አሥር ተክል ባንድ ቀን በመግዛት ነው። በወሩ ግማሹ ይደርቃል፤ ደስታ ይሰጣል የተባለው ነገር የበደለኝነት ስሜት ይሆናል። አንድ ወይም ሁለት ተክል ይበቃል፣ እሱም የሚሸትና የሚቀነጠስ ቢሆን ይመረጣል። ለማየት ብቻ የተቀመጠ ተክል ከሳምንት በኋላ ከዕቃ አይለይም፤ ለቡና የሚቆረጥ፣ ወጥ ውስጥ የሚገባ፣ ሲነካ የሚሸት ተክል ግን ሰውን በየቀኑ ወደ ራሱ ይጠራል።

ጤና አዳም ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ከጎረቤት በተቆረጠ ቅርንጫፍ ይበቅላል፣ ፀሐይ ይወዳል፣ ውኃ ቢረሳ ይታገሣል፤ የሚገድለው የበዛ ውኃ ነው። ናና ቅርንጫፉ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ቢቀመጥ በሳምንት ሁለት ሳምንት ሥር ያወጣል፣ በከፊል ጥላም ይኖራል፤ ሌላውን ተክል ስለሚውጥ ለብቻው ይተከላል። በሶብላ ከዘር የሚነሣ ስለሆነ ለመከታተል ደስ ይላል፤ ብርድ ግን አይችልም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከበረንዳ ወደ ቤት መግባት አለበት። ጠጅ ሳር ሰፊ ዕቃ ይፈልጋል። ከሚበሉት ውስጥ ሰላጣና ቆስጣ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው አፈር ይበቃሉ፤ ቅጠላቸው ከዳር እየተቆረጠ ብዙ ጊዜ ይለቀማል። ፀሐይ ለማይገባበት ቤት ሳንሰቬሪያና የልብ ቅርጽ ያለው ቅጠል እያንጠለጠለ የሚወርደው ፖቶስ ይስማማሉ።

ዕቃው ውድ መሆን የለበትም። የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ የተሰነጠቀ ባልዲ፣ አፉ የተሸረፈ ማሰሮ ሁሉ ያገለግላል፤ ዋናው ነገር ከሥሩ አራት አምስት ቀዳዳ መበሳቱ ነው። ቀዳዳ የሌለው ዕቃ ሥርን ያበሰብሳል። በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈር የሚገኘው ጥቁር አፈር ለብቻው ለዕቃ አይሆንም፤ ሲረጥብ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ቢደባለቅ ይስተካከላል። የቡና አተላ የሚጠቅመው ከልጣጭና ከደረቅ ቅጠል ጋር በስብሶ ሲገባ ነው፤ በአፈሩ ላይ ወፍሮ ሲደፋ ይጋገርና ውኃ አያሳልፍም።

ውኃ በሰዓት ሳይሆን በጣት ይለካል። ጣት እስከ ሁለተኛው መገጣጠሚያ አፈሩ ውስጥ ይገባል፤ እርጥበት ከተሰማ ውኃ አይጨመርም፣ ከደረቀ ከሥሩ እስኪወጣ ድረስ በቀስታ ይጨመራል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አትክልትና ሩዝ የታጠበበት ውኃ ይቀመጥለታል፤ ሳሙናና ጨው የነካው ግን አይሆንም። ይህች የጣት ፍተሻ ከተክሉ ይልቅ ለሰውየው የምትጠቅም ናት ቢባል አይጋነንም። በየቀኑ አንድ ጊዜ እጁን አፈር ውስጥ የሚከት፣ ቅዝቃዜውንና ሽታውን የሚያውቅ ሰው፣ ጓሮ የሌለው ቢሆንም ከመሬት አልተለየም።

ስለ ቤት ተክል በብዛት የሚነገረው ነገር አየር ያጸዳል የሚለው ነው። ይህ ወሬ የመነጨው ናሳ እ.ኤ.አ. በ1989 በታሸገ ሳጥን ውስጥ ካደረገው ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና የበርካታ ሙከራዎችን ውጤት የመረመረ ጥናት ግን በተራ ቤት ውስጥ መስኮት ከፍቶ አየር ከማስገባት ጋር ለመወዳደር በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ቢያንስ 10 ተክል እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። አየር የሚያጸዳው መስኮት ነው። ተክል የሚቀመጠው ለዓይን፣ ለአፍንጫ፣ ለእጅና ለሚያስተምረው ትዕግሥት ነው።

የማየት ልማድ

ተክል አሳድጎ የማያየው ሰው ጥቅሙን በግማሽ ያጣል። በቀን ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ፣ ስልክ ሌላ ክፍል ተቀምጦ፣ አንድን ነገር በቅርበት መመልከት የዚህ መመሪያ ዋና ክፍል ነው። ለመነሻ በሶብላ ጥሩ ነው። ዘሩ በእርጥብ አፈር ላይ ተበትኖ በስሱ ይሸፈናል፤ ሙቀት ካገኘ ከአምስት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ሁለት ክብ ቅጠሎች ይዞ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ቅጠሎች ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ እያንዳንዱ ጥንድ ከበታቹ ካለው ጋር መስቀል ይሠራል፣ ስለዚህ ከላይ ሲታይ አንዱ ቅጠል የሌላውን ብርሃን አይከለክልም። ግንዱ በጣት ሲዳሰስ ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው፤ የናናም እንዲሁ ነው፣ ዘመዳሞች ናቸውና። ስድስት ያህል ቅጠል ሲያወጣ ጫፉ ይቀነጠሳል፤ በተቀነጠሰበት ቦታ ሁለት አዲስ ቅርንጫፎች ይወጣሉ። የጤና አዳም ቅጠል ደግሞ ወደ ብርሃን ከፍ ተደርጎ ሲታይ በውስጡ መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ጥቃቅን ነጥቦች ይታያሉ፤ ሽታውን የሚሰጠው ዘይት ያለው በእነዚህ ውስጥ ነው።

ይህን በየቀኑ በአንድ ሰዓት ማድረግ ይበጃል፤ ለራሱ ሰዓት ያልተመደበለት ነገር በሥራ ይዋጣል። ለኢትዮጵያዊ ቤት ከቡና የተሻለ ሰዓት የለም። የቡና ሥነ ሥርዓት ራሱ ከተፈጥሮ ጋር የመገናኛ አሮጌና የተፈተነ መንገድ ነው፦ እርጥብ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ጥሬው ታጥቦ ይቆላል፣ ሽታው ይዞራል፣ ሰው ተቀምጦ ይጠብቃል። ረከቦቱን ከቴሌቪዥኑ ፊት አንሥቶ ወደ በረንዳው ወይም ወደ ተከፈተው መስኮት መውሰድ ብቻ ቀኑን ይለውጣል። ጤና አዳሙም ከዚያው ተቆርጦ ሲኒው ውስጥ ይገባል። ከሰል ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ መንደድ የለበትም፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል።

ወፍና ሰማይ

ወፎች እስከ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይመጣሉ። ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሰፊ ሳህን ውኃ ተሞልቶ በረንዳ ላይ ሲቀመጥ ድንቢጥና ዋኔ ቦታውን ይለምዱታል፤ ለመልመድ ግን ቀናት ይወስድባቸዋል። ውኃው በየቀኑ ይለወጣል። በዕቃ የተተከለ ሬት ሲያብብ በረጅም ምንቃራቸው የአበባ ማር የሚመጥጡት ትንንሾቹ ወፎች ይመጣሉ፤ ከነሱ አንዱ፣ ወንዱ በብርሃን ሐምራዊ የሚያብረቀርቀው፣ በዓለም የወፎች ዝርዝር ውስጥ ስሙን ያገኘው ከተከዜ ወንዝ ነው። የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት ሰዎች ወፍ ባዩበት ወይም በሰሙበት ጊዜ ስሜታቸው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ የመንፈስ ጭንቀት ባለባቸው ሰዎች ላይም ይኸው ታይቷል።

ድምፅ ብቻውንም ይጠቅማል። ጎሕ ሲቀድ፣ መኪና ሳይበዛ፣ መስኮት ከፍቶ ለጥቂት ደቂቃ ማዳመጥ፤ በክረምት ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሬዲዮውን መዝጋት። ሰማይ ደግሞ ለሁሉም እኩል ነው፤ የጨረቃን ዕለታዊ ለውጥ ከአንድ መስኮት መከታተል ወጪ የለውም።

በረንዳም ጥሩ መስኮትም የሌለው ሰው የሚያደርገው ነገር አለ። የዛፍና የውኃ ፎቶግራፍ ድካምን በመጠኑ እንደሚያቀል በሚሺጋን በተደረገ ሙከራ ታይቷል፤ በደጅ የተደረገ የእግር ጉዞ ግን ይበልጠዋል። በእንግሊዝ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች የተጠየቁበት እ.ኤ.አ. የ2019 ጥናት በሳምንት በድምሩ 120 ደቂቃ በተፈጥሮ መካከል የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናቸውና ደኅንነታቸው ጥሩ ነው የማለት ዕድላቸው ከማያሳልፉት የበለጠ መሆኑን አሳይቷል። ደቂቃው ባንድ ቀንም ተከፋፍሎም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቤቱ የማይሰጠውን የእሑድ ጠዋት የእንጦጦ መንገድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ጥላ ይሞላዋል።

አረጋውያን በቤት ካሉ የተክሉ ኃላፊነት ቢሰጣቸው መልካም ነው። ዕድሜያቸውን በጓሮ ያሳለፉ እናት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲዘጋባቸው የሚያጡት አየር ብቻ አይደለም፤ የሚያውቁትንና የሚጠየቁበትን ሥራ ያጣሉ። ኮሰረት መቼ እንደሚቆረጥ፣ ዘር እንዴት እንደሚደርቅ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የልጅ ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ ውኃ ሲያጠጣ ዕውቀቱ ይተላለፋል። በረንዳው ላይ ሦስት ጀሪካን አፈር ማስቀመጥ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች የክብር ጉዳይ ነው፤ ቤተሰብ ይህን ቸል ሊል አይገባም።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነገሮች

20 ሊትር ጀሪካን እርጥብ አፈር ሲሞላ ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ከባድ ዕቃ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ መሬት ላይ ይቀመጣል እንጂ በበረንዳ አጥር ላይ አይደረደርም። ትንሹም ቢሆን በሽቦ ይታሰራል፤ ከአራተኛ ፎቅ የሚወድቅ ዕቃ መንገደኛ ይገድላል።

ሕፃን ባለበት ቤት ቅንጭብ አይገባም፤ ነጭ ወተቱ ዓይን ይጎዳል። የጉሎ ፍሬና ኦሊያንደር መርዛም ናቸው፤ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ባለ ሰፊ ቅጠሉ ዲፈንባኪያም ሲታኘክ አፍና ጉሮሮ ያሳብጣል። ሳንሰቬሪያና ፖቶስም ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጣሉ። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲመታው ውኃ የቋጠረ ቁስል ያመጣል፤ ነፍሰ ጡር ሴትም አብዝታ መውሰድ የለባትም።

በሞቃት ከተሞች የወባ ትንኝ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ የተገኘችው አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ በከተማ ውስጥ በውኃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ከተሞች ከዕቃ ሥር የሚጠራቀም ውኃ ሳይውል ሳያድር ይደፋል፣ ማጠራቀሚያ በርሜል ይከደናል።

ከሀገር ውጭ ላሉ አንባቢዎች ሁኔታው ይለያል። ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት የሚጠጋ ብርሃን ከለመደ አገር የሄደ ሰው በስቶክሆልም ታኅሣሥ ላይ የሚያገኘው የቀን ብርሃን 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ በዚያ ወቅት የሚመጣ ድብርት በሕክምና የታወቀ ነው። ጠዋት ለ30 ደቂቃ ያህል በ10,000 ሉክስ መብራት ፊት መቀመጥ ብዙዎችን ይረዳል፤ የዓይን ሕመም ወይም ባይፖላር ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቃል። በባሕረ ሰላጤ አገሮች ከአሠሪ ቤት የማትወጣ ሠራተኛ በረንዳ ባይኖራትም በወጥ ቤቱ መስኮት በውኃ ጠርሙስ የተተከለ ናና ልታሳድግ ትችላለች፤ የራሷ የሆነ፣ የሚያድግ ነገር መኖሩ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይህ ሁሉ ዕለታዊ ድካምን፣ መነጫነጭንና ቀላል ጭንቀትን ያስታግሳል እንጂ ሕክምናን አይተካም። ሐዘኑ ወይም ለነገሮች ፍላጎት ማጣቱ በአብዛኛው ቀን እየተሰማ ሁለት ሳምንት ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ መሞትን መመኘት ከመጣ፣ ያ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ አለበት። የመንፈስ ጭንቀት በምክርና በመድኃኒት የሚታከም በሽታ ነው፤ ጸበል የሚጠመቅ ሰውም መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም፣ በቤቱ ተክል የሚያሳድግም እንዲሁ።